በአባቴ ካባ ላይ የሄደው ፎረፎር

እኔ አስጎብኚ ነኝ። ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ሆኖ «አላውቅም» ማለት ነውር ነው። እንግዳ ጣቱን ቀስሮ «ይህ ቀዳዳ ለምንድን ነው?» ካለህ መልስ ትሰጣለህ። ብታውቀውም ትሰጣለህ፣ ባታውቀውም ትሰጣለህ። አንድ ጊዜ አንዲት እንግዳ ከቅጥሩ ጥግ ስለቆመች አጣና ጠየቀችኝና ሩብ ሰዓት ሙሉ ምሥጢሯን ተነተንኩላት። ልክ ስጨርስ ጥበቃው መጣ፣ ከአጣናዋ ጫፍ ላይ የተሰጣ ካልሲውን አወረደ፣ አጣናዋን ነቅሎ በትከሻው አድርጎ ሄደ። ሴትዮዋ አየችኝ። እኔም «ይህም የሥርዓቱ አንድ ክፍል ነው» አልኳት።

አመሌን አስቀድሜ የምናዘዘው ለከንቱ አይደለም። ይኸው አመል ሁለት ጥንቸሎች ሊገድልብኝ፣ አባቴን ደግሞ በደብሩ ሰው ፊት ሊያዋርድብኝ ትንሽ ነው የቀረው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ማኅሌት ላይ ሲቆሙ ድምፃቸው ድንጋዩን አልፎ ይሰማል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን ያ ድምፅ እቤት መግባት ትቶ ነበር። «ደህና ዋሉ አባባ?» «ደህና።» «ወጥ ይጨመርልዎት?» «በቃኝ።» ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣቸውም። እኔ ደግሞ ዝምታ አይሆንልኝም፤ የሳቸውንም ድርሻ ጨምሬ አወራላቸው ነበር። ባለቤቴ ትርንጎ «እስቲ ተዋቸው» ትለኛለች። «ብቸኝነት እንዳይሰማቸው ነው» እላታለሁ።

ስምንት ወር እንዲህ ከረምን። በዚህ መሐል እንግዳ ማረፊያ የነበረው አንድ ወዳጄ ቤቱን ዘግቶ ወደ ደሴ ሲሄድ፣ በግቢው የሚያሳድጋቸውን ሁለት ጥንቸሎች በካርቶን አድርጎ አስታቀፈኝ። አንዷ ነጭ፣ አንዷ ዳማ፣ ሁለቱም ሴቶች። ትርንጎ ካርቶኑን ከፍታ ስታይ እጇን በአፏ ጫነች።

«አንተ ሰውዬ፣ መሪጌታ ያሉበት ቤት ጥንቸል? ሰው ይበሏቸዋል ቢለንስ?»

«ማን ብሉ አለሽ? ለዓይን ነው እንጂ።»

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጯ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። ቆም ብለው አዩዋት። «ኦሪት ርኩስ ካለቻቸው አንዷ እቤቴ ምን ታደርጋለች?» አሉ። በስምንት ወር ከሳቸው የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይሄ ስለነበረ ተነስቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ምን ነካው ብለው ገቡ።

በመጀመሪያው ሳምንት በመቋሚያቸው ጫፍ ገፋ ገፋ ያደርጓት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የጋቢያቸው ጫፍ ላይ ተኝታ አገኘኋት። በሦስተኛው ሳምንት ጋቢው ውስጥ ገባች፤ ጆሮዋ ብቻ በደረታቸው በኩል ይታያል። ዓይኔን ሲያዩ ያፈሩ መሰለኝ። «አትብሉ ነው ያለው፤ በድኗንም አትንኩ ነው። በሕይወት ያለችውን አትቀፉ የሚል የለም» አሉኝ። ይኸው ነው ሊቅ ማለት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለዚህ ነው።

ስም አወጡላት፤ ሻሼ አሏት። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት ከጓዳው ወሬ ሰማን። «ዛሬ እኮ ያ ዲያቆን ዜማውን ገደለው፣ ሻሼ። እኔም ዝም አልኩ። ልቆጣው ነበር፤ ግን እናቱ ታማበታለች።» አባቴ ናቸው! እያወሩ ነው! ትርንጎ አፏን በነጠላዋ አፍና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ሲጠይቁኝ ግን ጢስ ነው አልኩ።

ነገር የተበላሸው ሻሼ ማከክ ስትጀምር ነው። በኋላ እግሯ ጆሮዋን ትፎክታለች፣ ትከሻዋን ትፎክታለች። ከጀርባዋ ላይ ነጭ ፎረፎር መሳይ ነገር ይራገፋል። ትርንጎ «ምን ሆና ነው?» አለችኝ።

«የአየር ለውጥ ነው» አልኳት ሳላመነታ። የመጡበት ማረፊያ ከቤታችን የሁለት ደቂቃ መንገድ ነው።

የደረቀ ቆዳ መድኃኒቱ ቅቤ አይደል? ሁለቱንም ከጆሮ እስከ ጭራ ቅቤ ቀባኋቸው። ወዲያው ጭዳቸው ላይ ተንከባለሉና ጭድ ለብሰው ተነሱ። ቅቤውን እየላሱ ሆዳቸው ተበላሸ። የጎረቤት ድመት ሦስት ቀን ሙሉ ከበራችን አልነሳ አለች። እኔ ግን «እየሠራ ነው፣ ታገሱ» እላለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ቀጥሎ እኛን በላን። መጀመሪያ አባቴን፣ ከዚያ ትርንጎን፣ ከዚያ እኔን። እዚህ ላይ የአገራችንን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የላሊበላ ሰው ሲበላው የሚጠረጥረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ። ሕዝበ ክርስቲያኑ ከየአገሩ ለመሳለም ይመጣል፤ ቁንጫውም አብሮ ይሳለማል። እኔ ራሴ እንግዶቼን «ሱሪያችሁን ካልሲያችሁ ውስጥ ክተቱ» እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ! ስለዚህ አባቴ ክንዳቸውንና ሆዳቸውን እያከኩ ሲመጡ ምርመራም አላስፈለገኝም።

«ምንጣፉ ነው አባባ።»

ትርንጎ ግን ነገር አትውጥም። «ቁንጫ እግር ነው የሚይዝ። የሳቸው ሆዳቸው ላይ ነው። ምንጣፉ ላይ በሆዳቸው ነው እንዴ የሚቆሙት?»

«ሲሰግዱስ?» አልኳት።

ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ማድ ቤት ገባች። የረታኋት መስሎኝ ደስ አለኝ።

እነሆ የማርያም ዕለት ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ በጠራራ ፀሐይ ግቢው ውስጥ ወረብ ነበር። እኔም ሁለት እንግዶች ይዤ ከዳር ቆሜያለሁ። መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ጽናጽሉ፣ ከበሮው፣ መቋሚያው ሁሉ በአንድ ላይ ነው። መሪው አባቴ ናቸው። መሪው ያደረገውን ሰልፉ ያደርጋል፤ ሥርዓቱ እንዲያ ነው።

በዚያ መሐል አባቴን በላቸው። ከሩቅ አወቅሁባቸው፤ ትከሻቸውን አንዴ ነቅነቅ፣ አንዴ ሰበቅ አደረጉ። ጥርሳቸውን ነከሱ። ተቋቋሙት፣ ተቋቋሙት፣ በመጨረሻ አልቻሉም። መቋሚያውን ገለበጡና በአንገታቸው በኩል ወደ ጀርባቸው ሰደዱት። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ወደ ላይ፣ ወደ ታች።

የቀኙ ረድፍ አላመነታም፤ መቋሚያውን ገልብጦ ወደ ጀርባው ሰደደ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። የግራው ረድፍ ላለመበለጥ ጎንበስ ብሎ አደረገው። ከበሮ መቺው ልብ ብሎ ድም፣ ድም እያለ አጀባቸው። ሴቶቹ እልል አሉ! አባቴ ደንግጠው መቋሚያውን ሲመልሱ ሃያ መቋሚያ አብሮ ተመለሰ።

እንግዳዬ ስልኩን ቀስሮ እየቀረጸ «ይህ ምን ማለት ነው?» አለኝ።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። «የኃጢአትን ሸክም ከጀርባ ማራገፍ ነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ አንድ ወጣት መዘምር እስከ ቤታችን ተከተላቸው። «የኔታ፣ ያችን የጀርባዋን የትኛው ደብር ነው የተማሯት? ያስተምሩን እንጂ!» አባቴ እቤት ገብተው «ሥርዓት አበላሸሁ» አሉና መደቡ ላይ ተቀመጡ። ሻሼን አነሷት። ጎመን ሰጧት፣ አልነካችውም። ጀርባዋን ሲዳብሷት ፀጉሯ እፍኝ ሙሉ እጃቸው ላይ ቀረ። መዳፋቸውን ዘርግተው ብዙ አዩት።

«እሷም ልትሄድ ነው» አሉ።

ቀስ አድርገው አስቀመጧት፣ ጋቢያቸውን እስከ ፊታቸው ሳቡት። ሁለት ቀን ቃል አልተነፈሱም። እህል አልቀመሱም። ቀልድ አይደለም፣ ፈራሁ። እናቴም መጀመሪያ የተወችው እህል ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ትርንጎ ጥንቸሎቹን ቅርጫት ውስጥ ከታ ፊቴ አኖረችልኝ። «የእንስሳት ክሊኒክ ለምን እንደተሠራ ታውቃለህ? ወይስ እሱንም ላስረዳህ?» ጫማዬን አጠለቅሁ። ስንነሳ አባቴም ተነሱ፤ ጥቁር ካባቸውን ደርበው ሳይናገሩ ተከተሉን።

ቀኑ ገበያ ነውና ክሊኒኩ ግቢ በሬ፣ አህያ፣ አንድ የተቆጣ ሙክት፣ ከየገጠሩ የመጣ ገበሬም ሞልቶታል። ቅርጫቴን ሲያዩ መንገድ ለቀቁልኝ፤ ከአክብሮት ሳይሆን ከሳቅ ነው። ሐኪሟ ሐያት ትባላለች፤ የወልድያ ልጅ ናት። ስንደርስ አንድ ክንዷ ሙሉ በሙሉ ላም ውስጥ ነበር። ጨርሳ ታጥባ መጣች።

«ምን ሆኑ?»

«የቆዳ መድረቅ ነው፤ በአየር ለውጥ ምክንያት…» ብዬ ጀመርኩ።

«ምን ቀባሃቸው?»

«ቅቤ።»

«ለጋ ነው በሳል?»

«ለጋ። ለጋው ይሻላል ብዬ ነው፤ ምክንያቱም…»

«ልዩነት የለውም። እስከ የት እንደምትሄድ ልይህ ብዬ ነው» አለችኝ። ገበሬዎቹ ሳቁ። «አሁን ልብህን ንገረኝ፤ በሽታው ምን ይመስልሃል?»

አባቴን አየሁ። ዓይናቸው ቅርጫቱ ላይ ነው። «አላውቅም» አልኩ። ትርንጎ ዞር ብላ አየችኝ፤ አሥር ዓመት በትዳር ስንኖር ይህን ቃል ከአፌ ሰምታ አታውቅም።

«እሰይ» አለች ሐያት፣ «አሁን ማከም ይቻላል። ጥቁር ጨርቅ ያለው ሰው አለ?»

በዚያ ሁሉ ሰው ላይ ያለው ጋቢ፣ ነጠላ፣ አረንጓዴ ኩታ ነው። አባቴ ካባቸውን አወለቁ። የክብረ በዓል ካባቸውን! ጠረጴዛው ላይ ራሳቸው ዘረጉት። ሐያት ሻሼን በላዩ አድርጋ ጥርሱ በጠበቀ ማበጠሪያ ጀርባዋን አበጠረቻት። ነጭ ብናኙ ጥቁሩ ካባ ላይ ረገፈ።

«አሁን ማንም አይተንፍስ» አለች።

ገበሬው ሁሉ አጎነበሰ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ አንዷ ብናኝ ወደ ቀኝ ሄደች። ሌላዋ ተከተለቻት።

«ኧረ በስመ አብ! ፎረፎሩ ነፍስ አለው!» አለ ሙክቱን የያዘው ሰውዬ።

አባቴ በሁለት ቀን ውስጥ የመጀመሪያውን ቃል ተናገሩ። «ይህ ነው ላዬ ላይ የኖረው?»

«አብሽሩ አባባ» አለች ሐያት። «ፎረፎር አይደለም፤ የጥንቸል የቆዳ ተባይ ናት። ከማነሷ የተነሳ ራሷ አትታይም፤ የቆዳውን ቅርፊት ተሸክማ ስትሄድ ቅርፊቱ የሄደ ይመስላል። ሰው ላይ ወጥታም ታሳክካለች፤ ግን ሰው ላይ መኖር አትችልም፣ ጥንቸሎቹ ሲድኑ የሰውም ይጠፋል። ማን ነው ይቺን ጥንቸል የሚያቅፋት?»

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሐያት ክንዳቸውንና ሆዳቸውን አመልክታ «እዚህና እዚህ ነው አይደል የሚበላዎት?» አለቻቸው። ትርንጎ ምንም አላለችኝም። ምነው ባለችኝ! ምንጣፉን ይቅርታ ልጠይቅ የምሄድበትን ቀን አስብ ጀመር።

ሐያት ከሻሼ ጀርባ ላይ በፕላስተር ጥቂት አንስታ ማይክሮስኮፕ ውስጥ አየችና «እሷው ናት» አለች። ባለ ሙክቱ ሰውዬ በቅንነት «እኔ ለበግ የምረጨው አለኝ፤ ልስጣቸው?» አላት።

«እንዳትነኳቸው! ጥንቸል ስስ ናት፣ በዚያ ትሞታለች። በመርፌ ነው፤ እሱም በኪሎዋ ተለክቶ ጠብታ። የእኔ ሚዛን ለጥጃ ነው፣ እሷን አይቆጥራትም። ሮጥ ብለህ አስመዝነህ አምጣልኝ።»

ሮጥኩ። ማንም ልብ ያለው ሰው ሽንኩርት ቤት ይሄዳል። እኔ ግን ቅርብ ያገኘሁት ልኳንዳ ነበር፤ በገበያ ቀን፣ ሰው በር እስኪዘጋ በሞላበት ሰዓት። ቅርጫቱን ባንኮኒው ላይ አኖርኩና «ጋሽ ሞላ፣ እነዚህን ሁለት ጥንቸሎች ይመዝኑልኝማ» አልኩ።

የጋሽ ሞላ ቢላ አየር ላይ ቆመ። ያልገባቸው መስሎኝ «ስንት ስንት ኪሎ እንደሚወጣቸው ብቻ ነው የምፈልገው» ብዬ አስረዳሁ።

«የመሪጌታ ልጅ! ወይ ዘመን! ውጣልኝ! ሚዛኔን አርክሰህ ነገ ማን ሊገዛኝ ነው?»

አንዲት ሴትዮ ሦስቴ አማተበች። እኔ ቅርጫቴን ይዤ ወጣሁና ሽንኩርት ቤት አስመዘንኩ። እዚያ አንድ ደስ የሚል ነገር አየሁ፤ ሻሼ ሚዛኑ ላይ እንዳለች አጠገቧ ከተከመረው ጎመን አንድ ቅጠል ነከስ አደረገች። ልቤ ዘለለ። ኪሎውን በወረቀት ጽፌ ተመለስኩ።

ወሬ እግር የለውም ይባላል፤ የእኛ ከተማ ወሬ ግን በባጃጅ ነው የሚሄድ። ክሊኒኩ ስደርስ ቄሰ ገበዙ ቀድመውኝ አባቴ ፊት ቆመዋል።

«መሪጌታ» አሉ በትህትና፣ «ልጅዎ ጥንቸል ይዞ ልኳንዳ ገባ ይባላል። እርስዎም በማርያም ዕለት ያሳዩን እንግዳ ነገር አለ። ሰዉ እየጠየቀ ነው። ምን ልበል?»

ግቢው ሁሉ ጆሮ ሆነ። አባቴ «የልጄ ሞኝነት ነው» ቢሉ እውነት ነበር፤ ማንም ይረዳቸው ነበር። ጥንቸሎቹም ወደ ቤት ሳይመለሱ እዚያው ይቀሩ ነበር። አባቴ ግን ቅርጫቱን ከእጄ ተቀበሉ፣ ሻሼን አወጡ፣ በሰው ሁሉ ፊት ደረታቸው ላይ አስጠጓት።

«የሚታረድ የለም፤ ታመውብኝ ላሳክም ነው የመጣሁ» አሉ። «ያለፈውም ወረብ አልነበረም። ጀርባዬን በልቶኝ ነው ያከክሁ። አጥፍቻለሁ፣ ቀኖናም ቢሰጠኝ እቀበላለሁ። ይቺን ግን አልጥልም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሰው ሁሉ አጽናናኝ። ሳያጽናናኝ ዝም ብሎ የሰማኝ ይቺ ብቻ ናት።»

ሙክቱ እንኳ ዝም አለ። ቄሰ ገበዙ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ ወደ መሬት አዩ፣ ቀና አሉ።

«እኛ እኮ ወረብ መስሎን ለሚመጣው በዓል ስንለማመደው ሰነበትን» አሉ። ከዚያ ወደ ሐያት ዞሩ። «ልጄ፣ ስትወጊያት እግሯን ማን ይይዛል?»

የያዙት ራሳቸው ቄሰ ገበዙ ናቸው። ሐያት የሻሼን የማጅራት ቆዳ ሳብ አድርጋ አንድ ጠብታ ወጋቻት። ሻሼ ምንም አላለች፤ ዓይናቸውን ጨፍነው «እዮ!» ያሉት አባቴ ናቸው። ዳማዋ ግን ጠንካራ ናት፣ ቄሰ ገበዙን በእርግጫ ብላ ጥምጥማቸውን አወለቀችላቸው። ገበሬው በሳቅ ፈረሰ፤ ቄሰ ገበዙም ሳቁ፣ አባቴም ሳቁ። አባቴ ከሳቁ ዓመት ሊሞላቸው ነበር።

«መድኃኒቱ እንቁላሉን አይገድልም፤ ሲፈለፈል እንድንይዘው በሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያም በሁለት ሳምንቱ አምጧቸው» አለች ሐያት። «ጭዱን አቃጥሉ፣ ልብሱን ቀቅሉ፣ ጋቢውን ፀሐይ ላይ አስጡ። አንተ ደግሞ ቅቤህን ለእንጀራህ አድርገው።»

እንዳለችው አደረግን። ማከኩ ከእኛም ከእነሱም ጠፋ። ከሦስተኛው መርፌ በኋላ የሻሼ ጀርባ በአዲስ ፀጉር ተሸፈነ፤ ስትዘል ብታዩዋት ተባይ የሚባል ነገር በዘሯም የነበረ አትመስልም።

አንድ ቀን ከሰዓት እንግዶቼን ሸኝቼ ስገባ የአባቴ ድምፅ ከጓሮ ይሰማኛል። እንደ ልማዴ ቀስ ብዬ አየሁ። ሻሼ ግን እዚያ የለችም፤ ማድ ቤት ከትርንጎ እግር ሥር ጎመን ትበላለች። ዳማዋ ቤቷ ውስጥ ተኝታለች። አባቴ ብቻቸውን ናቸው።

«አባባ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ካንተ ጋር» አሉኝ። «እየተለማመድኩ ነው።»

«ከእኔ ጋር ለማውራት ልምምድ?»

«ምን ላድርግ ልጄ? አንተ ቀዳዳ አትሰጥም። እናትህ ባረፈች ማግስት ስለሷ ላወራህ አፌን ብከፍት፣ ሐዘን ስንት ዓይነት እንደሆነ ታስረዳኝ ጀመር። ተውኩት። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ልነግርህ እልና እተወዋለሁ።»

ልቤን ወጋኝ። እውነቱን ነዋ! ስምንት ወር ሙሉ ዝም አሉ ብዬ የተጨነቅሁት ሰውዬ፣ እኔን ሲጠብቁ ነበር። ለካ ያ ሁሉ ወሬዬ ነው ደጃፍ ላይ ያስቀራቸው። ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ። አባቴ አንድ ጣታቸውን አነሱ። ዘጋሁት፣ መሬት ላይ ከእግራቸው ሥር ተቀመጥኩ።

«እናትህን መጀመሪያ ያየኋት ኩልመስክ ገበያ ላይ ነው» አሉ። «በግ ልትሸጥ መጥታ በጉ አመለጣት። እኔ ያኔ ተማሪ ነኝ፤ ደበሎ ለብሼ፣ ሊቅ ነኝ ብዬ ኮራ ብዬ ቆሜያለሁ። በጉ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና…»

መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው ንግግሩን አቋረጠው፤ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ይህን ታሪክ በዚህ ዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም። የዚያን ገበያ አቀማመጥና የቦታውን ከፍታ ልጨምርበት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«ከዚያስ አባባ?» አልኩ።

ፊታቸው በራ። በርጩማቸውን ወደ እኔ ሳብ አድርገው ቀጠሉ።